ምክንያት ያልተገኘለት ደመወዝ

ሬሳው የተገኘው ሼፈርድስ ቡሽ ገበያ ጀርባ፣ ከጨርቅ ሱቅ ፎቅ ላይ ካለ ቢሮ ወደ ጓሮ በሚወርደው የብረት ደረጃ ግርጌ ነው። ሟቿ ዲና ትባላለች፤ ገና ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። «ደጀን ኬር» የሚባለው፣ ለአረጋውያን ቤት ለቤት ተንከባካቢ የሚልከው የአቶ ሳህሉ ድርጅት የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊ ነበረች። የዚያን ዕለት ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ ስልሳውን ሠራተኛ ሰብስባ የእያንዳንዱን የሥራ መደብ ክፍያ በሰንጠረዥ ግድግዳ ላይ ልትለጥፍ ነበር። አምስት ሰዓትን ግን አላየችም።

ስልኩ ሲደወል ሮማንወርቅ ኬኒንግተን ቤቷ ዳቦዋን በሻይ እየነከረች ነበር።

«እትዬ ሮማን፣ ሳጅን አኑዋር ነኝ። አንድ ወረቀት ትራንስሌት እንዲያደርጉልኝ ነው። ሰው ሞቷል።»

«ሰው ሞቶ ወረቀት ነው የምታስነብበኝ?»

«ወረቀቱ ገዳዩን ይናገራል። አንድ ሽማግሌ ልይዝ ነው፤ ከዚያ በፊት ኮንፈርም ማድረግ ፈልጌ ነው።»

«እኔ ሳልደርስ ማንንም እንዳትይዝ» አለችና ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

ሮማንወርቅ እንዲህ ናት። አዲስ አበባ አሥር ዓመት ወንጀል መርማሪ ነበረች፤ ለንደን ደግሞ ሠላሳ ዓመት አስተርጓሚ። እዚህ አገር አስተርጓሚ ማለት አፍ ያለው፣ አሳብ ግን የሌለው ሰው ማለት ነው፤ የተባለውን ብቻ በይ፣ ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ ይሏታል። ኧረ ወዲያ! ስልሳ አራት ዓመት የኖረ ጭንቅላት በር ላይ እንደ ጃንጥላ ተሰቅሎ አይገባም።

አኑዋር ጓሮው ላይ ጠበቃት። ለንደን የተወለደ የሐረር ሰው ልጅ ነው፤ አማርኛ ይናገራል እንጂ ፊደል አንዱንም አይለይም። ሮማንወርቅ ሬሳውን የሸፈነውን ጨርቅ ገለጥ አድርጋ አየች። የዲና ሹራብ ግራ እጅጌ ትከሻው ላይ ተተርትሯል። አንድ እግር ጫማዋ ላይኛው ደረጃ ላይ ቀርቷል።

«ይህቺ ልጅ እጇን ተይዛ ነበር» አለች።

«ስንት ሰዓት እንደወደቀች እናውቃለን» አለ አኑዋር። «የጨርቅ ሱቁ ባለቤት ሳሚር ሱቁን ሲከፍት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከጓሮ ትልቅ ድምፅ ሰምቷል። ዕቃ የጣሉ መስሎት ዝም አለ። በሁለት ሰዓት አስተባባሪዋ ጸሃይነሽ ቆሻሻ ልትጥል ወጥታ አገኘቻት። ይህ ደግሞ ከዲና ቦርሳ የወጣ ነው።»

በፕላስቲክ የታሸገ፣ በፕሪንተር የታተመ ወረቀት ሰጣት። እንዲህ ይላል፦

«ዲና ስለ ሰራተኛ ደሞዝ ማውራት ኣቁሚ:: ኣርፈሽ ካልተቀመጥሽ ኣለቀልሽ::»

«ዛቻ ነው» አለ አኑዋር። «ደግሞ ይቺን ፊደል ይዩዋት፣ እግሯ ታጥፏል። እንዲህ አድርጎ ‘ኣ’ የሚጽፈው ትግርኛ ጸሐፊ ነው አሉኝ። ቢሮው ውስጥ ያለው ኤርትራዊ ደሞዝ የሚሠሩት አቶ ረዘነ ብቻ ናቸው። ትናንት ደግሞ ከዲና ጋር ሲጯጯሁ ሁሉም ሰምቷል።»

«ስለ ፊደሏ ማን ነገረህ?»

«ኤርምያስ፣ ሌላው አስተባባሪ። ወረቀቱን ስናገኘው አጠገቤ ነበር፣ አነበበልኝ።»

«ባለሙያ ነው በለኛ» አለችና ደረጃውን መውጣት ጀመረች።

በመጀመሪያ ያነጋገረችው ባለቤቱን ሳህሉን ነው። ከረባቱን አጥብቆ አስሮ፣ ፊቱን ደግሞ ከከረባቱ አብልጦ ቋጥሮ ተቀምጧል።

«ሕጉ ገና ሳይመጣ ነው ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣብኝ» አለ። «‘የደሞዝ ግልጽነት ሕግ እየመጣ ነው፤ መጥቶ ራቁታችንን ከሚያገኘን ቀድመን እንልበስ’ አለችኝ። እሺ አልኳት። ለካስ እያንዳንዱ መደብ ስንት እንደሚከፈለው ጽፋ፣ አንድ ዓይነት ሥራ ሠርተው ክፍያቸው የሚለያይ ካሉ ‘ምክንያት’ የሚል ዓምድ ከጎኑ አድርጋለች! እኔ ምን ምክንያት አለኝ? ኤርምያስና ጸሃይነሽ ሁለቱም አስተባባሪ ናቸው። ኤርምያስ የቤተሰብ ኃላፊ ነው፣ ነርስም ነኝ አለኝ፣ ጨመርኩለት።»

«ጸሃይነሽስ? ቤተሰብ የላትም?»

«ሦስት ልጆች አሏት። ግን እሷ አልጠየቀችማ!»

ሮማንወርቅ ይቺን ነገር ለኋላ ያዘቻት።

«ሰንጠረዡ የት አለ?»

«ጠዋት ስገባ ጠረጴዛዋ ላይ ነበር፤ አንስቼ መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበት። ሳይለጠፍ ማንም አያየውም ብዬ። አንድ ሰው እንኳ አላየውም።»

«አንተ በአማርኛ ትጽፋለህ? በስልክ ማለቴ ነው።»

«ኧረ እኔ ሁሌም በእንግሊዝ ፊደል ነው የምጽፈው» አለና ስልኩን አሳያት። እውነቱን ነው፤ «እንደምን አደራችሁ»ን እንኳ በእንግሊዝ ፊደል ነው የጻፈው። መሳቢያውን ከፍቶ ሰንጠረዡን እያመነታ ሰጣት። ሮማንወርቅ መነጽሯን አድርጋ ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ አነበበችው። ከዚያ እንደገና ወደ አንዱ መስመር ተመለሰችና አጥፋ ያዘችው።

ጸሃይነሽ ዓይኗ አብጦ መስኮት ሥር ቆማለች።

«ሰንጠረዡ እንዲወጣ ትፈልጊ ነበር?»

«እንዴት አልፈልግም! ‘የሴት ዕድሜና የወንድ ደሞዝ አይጠየቅም’ እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ዲናን ‘ዕድሜዬ አርባ ስምንት ነው፣ እንቺ፤ በይ አሁን የሱን ደሞዝ ንገሪኝ’ አልኳት። ሳቀች። ‘አምስት ሰዓት ላይ ሁሉም ያየዋል፣ ታገሺኝ’ አለችኝ።» እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «ከኤርምያስ ጋር ሥራችን አንድ ነው፤ እንዲያውም ለሠራተኛው የአማርኛ መልእክት ከመላክ በቀር የሱንም የምሠራለት እኔ ነኝ።»

«እስቲ መልእክቱን አሳዪኝ።»

ኤርምያስ የላከውን ከፍታ ስልኳን ሰጠቻት። «ነገ አራት ሰራተኛ ይጎድላል:: ደሞዝ የሚገባው አርብ ነው::» ሮማንወርቅ አየችና መለሰችላት።

ኤርምያስ ጠጉሩ የተከረከመ፣ ሽቶው ቀድሞት የሚገባ ሰው ነው። ሲያያት ብድግ ብሎ ወንበር ሳበላት።

«እኔ የገባሁት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው» አለ ሳትጠይቀው። «ያሳዝናል! ሽማግሌው እንዲህ ያደርጋሉ ብሎ ማን ይገምታል?»

«አንተ ደመወዝህ ቢወጣ ግድ የለህም?»

«ምን ግድ አለኝ? ነርስ ስለሆንኩ ነው የሚበልጠው። ሰንጠረዡም ላይ እንደዚያ ተብሎ ተጽፎ የለ?»

«ተጽፏል» አለች ሮማንወርቅ። ከዚያ በላይ አልጠየቀችውም። አኑዋር ግራ ገብቶት ተከተላት።

አቶ ረዘነ መጨረሻ ላይ ነበሩ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ አሥመራ ተምረው፣ ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ቢሮ የሠራተኛውን ደመወዝ ሲሠሩ ኖረዋል። ቢሮው በማሞቂያ እየጋለ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል።

«ካፖርትዎን አያወልቁም?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አላወልቅም።»

አኑዋር ወደ ሮማንወርቅ ጎንበስ ብሎ «ውስጡ የሆነ ነገር አለ። ልፈትሻቸው?» አላት። በእጇ አስቆመችው።

«አቶ ረዘነ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉልኝ። ‘የሠራተኛው ደመወዝ ይታወቅ።’»

ሽማግሌው ብዕራቸውን አወጡ። ቀይ ብዕር ነው። ሳይቸኩሉ ጻፉ። ሠራተኛ በንጉሡ ሠ፤ ደመወዝ ከነ«መ»ውና ከነ«ወ»ው። መጨረሻው ላይ አራት ነጥባቸውን እንደ ዘር አንድ በአንድ አስቀመጡ።

«‘ደሞዝ’ ብለው ለምን አልጻፉም?»

«‘ደሞዝ’ የአፍ ነው እንጂ የብዕር አይደለም። አሥመራ ያስተማሩን መምህር ሠራተኛን በእሳቱ ሰ የጻፈ ተማሪ መዳፉን ይገርፉት ነበር። እኔ አንድ ቀን ተገርፌ ሁለተኛ አልደገምሁም።»

«ይህን ‘ኣ’ስ?» ብላ የዛቻውን ወረቀት አሳየቻቸው።

ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ከዚያ ተቆጡ። «እኔ ትግርኛ ስጽፍ ትግርኛ እጽፋለሁ፤ አማርኛ ስጽፍ አማርኛ እጽፋለሁ! ደግሞ ‘ኣርፈሽ’? እኔ ወይዘሪት ዲናን አንድ ቀን ‘አንቺ’ ብዬ አላውቅም!»

«ታዲያ ትናንት ምን አጣላችሁ?»

ሽማግሌው ወደ አኑዋር አዩ። ሮማንወርቅ አኑዋርን በር ላይ እንዲጠብቃት አደረገችና አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እኔም እንደ እርስዎ ከፊደል እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ» አለቻቸው። «ሰንጠረዡ በእርስዎ ፊደል ነው የተጻፈው፤ ካፖርትዎ ውስጥ የደበቁትን ወረቀት ካላወጡ ይህ ልጅ ይወስድዎታል።»

«ይውሰደኝ።» ድምፃቸው ወረደ። «አማርኛዋን አቃናሁላት። እኔ እያነበብሁ፣ እሷ ኮምፒውተሯ ላይ እያረመች፣ ሦስት ሰዓት ሠራን። ጨርሰን ንጹሕ ቅጂ አትማ ስትሰጠኝ ‘ነገ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል’ አለችኝ። እኔ ለአለቃ ብቻ መስሎኝ! ስም የለበትም አለችኝ። ምን ዋጋ አለው? የደመወዝ ጸሐፊ በዚህ ቢሮ አንድ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። ልጄ አባቷ የተከበረ ሹም ይመስላታል። እኔ ግን ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ትናንት ከተቀጠረች ልጅ እኩል ነው የሚከፈለኝ፤ ሕጉ ከሚፈቅደው መነሻ አንዲት ሳንቲም አትበልጥም። ጮኽሁባት። ቅጂዬን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት ስጮኽባት ነው፣ እመቤቴን!»

«ያ ወረቀት ገዳዩን ይዟል።»

«ውርደቴንም ይዟል።»

«ማፈር ያለበት ከፋዩ ነው፣ አቶ ረዘነ። እርስዎ የማን ነውር ተሸክመው ነው ማሞቂያ ሥር በካፖርት የሚቀቀሉት?»

አቶ ረዘነ የካፖርታቸውን የላይኛውን ቁልፍ በጣታቸው ዳሰሱ።

አምስት ሰዓት ላይ ቢሮው ሞላ። ሳህሉ ስብሰባው ቀርቷል ብሎ መልእክት ቢልክም አንዲት የቀረች ሴት የለችም። የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ አንዳንዷ እያለቀሰች፣ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። አኑዋር ሌላ ፖሊስ በር ላይ አቆመ። ሳህሉ፣ ኤርምያስ፣ ጸሃይነሽና አቶ ረዘነ ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«እኔ አስተርጓሚ ነኝ» አለች ሮማንወርቅ። «ዛሬ የማስተረጉመው ግን ከአማርኛ ወደ አማርኛ ነው።

«ይህን ዛቻ የጻፈው ሰው ኤርትራዊ ለመምሰል ፈልጓል። ስለዚህ በየቃሉ ራስ ላይ ‘ኣ’ ተከለ። ግን አቶ ረዘነ የት እንደተማሩ አልጠየቀም። እሳቸው ከሁላችንም የጠበቀ አማርኛ ይጽፋሉ። ጸሐፊው ፊደል ሊሰርቅ ገብቶ የራሱን ጥሎ ወጣ፤ ‘ሰራተኛ’ን በእሳቱ ሰ ጻፈ፣ ‘ደሞዝ’ አለ፣ በአራት ነጥብ ፈንታ የእንግሊዝ ሁለት ነጥብ ደርቦ ደረደረ።»

«እንደዚያ የሚጽፍ ስንት ሺህ ሰው አለ!» አለ ኤርምያስ እየሳቀ።

«አለ። ስለዚህ ወደ ሰንጠረዡ እንሂድ። አቶ ሳህሉ ዛሬ ጠዋት ዲና ጠረጴዛ ላይ ያገኘው ይህ ነው። ከላይ እስከ ታች ‘ደመወዝ’ ይላል፣ ከላይ እስከ ታች ‘ሠራተኛ’ በንጉሡ ሠ ነው። አንድ መስመር ብቻ ሲቀር! አስተባባሪ፣ አንደኛ፤ ምክንያት፦ ‘ነርስ ስለሆነ ከሌላው ሰራተኛ ደሞዙ ይበልጣል::’ ያው ሰ፣ ያው ደሞዝ፣ ያው ሁለት ነጥብ። ዛቻውንና ይህን መስመር የጻፈው እጅ አንድ ነው።»

ሴቶቹ አንገታቸውን ወደ ወረቀቱ አሰገጉ።

«እንግዲህ ይህ መስመር ትናንት ማታ ምን ይል እንደነበር የሚያውቅ አንድ ሰው አለ» አለች። «ማስረጃው በእሱ እጅ ነው። እኔ ነጥቄ አልወስድበትም።»

ሳህሉ ተቁነጠነጠ። «ወይዘሮ ሮማንወርቅ፣ ይህ የቤት ጉዳይ ነው፣ ሰው ፊት ባይሆን …»

አቶ ረዘነ ተነሱ። የካፖርታቸውን ቁልፍ ከላይ ጀምረው አንድ በአንድ ፈቱ። ከውስጥ ኪሳቸው አራት እጥፍ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ዘረጉና በጠራ ድምፅ አነበቡ።

«አስተባባሪ፣ አንደኛ። ምክንያት አልተገኘም፤ የነርስነት ማስረጃ ተጠይቋል፣ አልቀረበም።»

ጸሃይነሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች። የኤርምያስ ሳቅ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«ኤርምያስ» አለች ሮማንወርቅ፣ «የዛሬውን ሰንጠረዥ አቶ ሳህሉ ከመቆለፉ በፊት ማንም አላየውም። አንተ ግን ነርስ የሚል እንደተጻፈበት ነገርከኝ። ማን አሳየህ?»

«ዲና … ዲና ትናንት ነግራኛለች።»

«ትናንት ‘አልቀረበም’ ነበር የሚለው። ‘ነርስ’ ያለው ዛሬ ነው።»

አኑዋር ቀጠለ። «ፕሪንተሩን ቼክ አስደርጌዋለሁ። ሁለት ወረቀት ከዲና ኮምፒውተር ተከታትሎ ወጥቷል፣ ሰንጠረዡና ዛቻው። ሰዓቱ ሁለት ሊሆን አሥር ጉዳይ ነው። ዲና ከወደቀች ሃያ ደቂቃ አልፏል። አንተ ደግሞ ሁለት ሰዓት ተኩል ገባሁ ብለሃል።»

ኤርምያስ ዙሪያውን አየ። ስልሳ ሴቶች ያዩታል።

«አልገፋኋትም!» አለ በመጨረሻ። «የነርስነት ማስረጃው ታይቷል ብላ እንድትጽፍልኝ ለመንኳት። ወረቀቱ የለም አልኳት፣ ትምህርቱን አቋርጫለሁ። ‘ምክንያት ከሌለ ምክንያት የለም ነው የምጽፈው’ አለች። በጓሮ ልትወጣ ስትል እጇን ያዝኳት፣ መነጨቀችኝ … ወደቀች።»

«ወድቃ ሳለ አምቡላንስ ጠራህ?» ጸሃይነሽ ጮኸች። «እሷ እዚያ ብረት ላይ ተኝታ፣ አንተ እዚህ ወረቀት ታትማለህ? የሽማግሌ ስም ታጠፋለህ?»

አኑዋር እጁን አስሮ ሲያወጣው ሴቶቹ መንገድ ለቀቁለት፤ አንዲትም አልሰደበችውም።

ሳህሉ ላቡን ጠርጎ እጁን አነሳ። «በሉ እህቶቼ፣ ዛሬ የሐዘን ቀን ነው። ሁላችንም ወደ ሥራችን። የወረቀቱን ነገር በኋላ ተረጋግተን እናየዋለን።» ሰንጠረዡን ሊወስድ እጁን ወደ አቶ ረዘነ ዘረጋ።

«አይነኩትም» አሉ አቶ ረዘነ።

ሃያ ሁለት ዓመት «እሺ ጌታዬ» ሲሉት የኖሩ ሰው ናቸው። ሳህሉ እጁን አየር ላይ እንደተወው ቀረ።

ሽማግሌው ካፖርታቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ጣሉት። ወረቀቱን ግድግዳው ላይ፣ ዲና ባዘጋጀችው ቦታ፣ በአራት መርፌ ወጉት። ከዚያ ጣታቸውን በመስመሮቹ ላይ አሂደው የራሳቸው ላይ ደረሱ። «የደመወዝ ጸሐፊ። አገልግሎት፦ ሃያ ሁለት ዓመት። ክፍያ፦ መነሻ። ምክንያት፦ አልተገኘም።»

«ወይዘሪት ዲና እዚህ ጋ ብቻ ተሳስታለች» አሉ። «ምክንያት አለው።»

በቀይ ብዕራቸው «አልተገኘም» የሚለውን ሰርዘው ከላዩ ጻፉበት። ከኋላ ያሉት ሴቶች ለማየት ተንጠራሩ። ሮማንወርቅ ጮክ ብላ አነበበችላቸው።

«ምክንያት፦ ዝም ስላልሁ።»

ጸሃይነሽ ሰዉን ገፍታ ወጣች። እጇን ዘርግታ ብዕሩን ተቀበለች፤ ሁለተኛዋ አስተባባሪ የሚለውን መስመር ፈልጋ አገኘችና ቆም አለች።

«አቶ ረዘነ፣ ‘ስላልጠየኩ’ ነው ‘ስላልጠየቅሁ’?»

«‘ስላልጠየቅሁ’ ነው እንጂ!» አሉ ሽማግሌው፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ እንኳ በፊደል አይደራደሩም።

ጻፈችው። ከሥሩ ደግሞ፣ ሳህሉን አንድ ጊዜ ዞር ብላ አይታ፣ «አሁን ጠየቅሁ።» ብላ ጨመረች። አራቱን ነጥብ አሳምራ አስቀመጠችና ብዕሩን ከኋላዋ ተሰልፋ ለምትጠብቀው ሴት አቀበለቻት።